ተቀያሪ ወንበር ላይ ለተቀመጣችሁ

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ባሕር ዳር ውስጥ ከጣና ሐይቅ ብዙም በማይርቀው የቀድሞ ትምህርት ቤቴ አጥር ሥር ሳልፍ የኳስ ድምፅ ሰምቼ ቆምኩ። የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ልምምድ ላይ ነበር። ከሜዳው ዳር ካለው የሲሚንቶ ደረጃ ላይ ብቻዋን የተቀመጠች የ11ኛ ክፍል ተማሪ ማን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ፤ የዛሬ 40 ዓመት ገደማ በዚያው ሜዳ ላይ እጫወት እንደነበር ስነግራት ጥቂት አሰብ አደረገችና፣ «ጋሼ፣ ወቅቱን ሙሉ ተቀያሪ ሆኜ ከምቀመጥ ብተወው አይሻልም?» አለችኝ። «ታገሺ፣ ተራሽ ይደርሳል» ብያት ሄድኩ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ይኸው መልሴ እንቅልፍ ነሣኝ፤ ተራ እንዴት እንደሚደርስ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነውና።

ትምህርታችሁን አስቀድሙ፣ ከጨዋታ በፊት ሰውነታችሁን አሟሙቁ፣ አሠልጣኛችሁን አክብሩ የሚለውን ምክር ከዚህ ደብዳቤ አትጠብቁ። እሱን ከየአቅጣጫው ትሰሙታላችሁ፤ እኔም በልጅነቴ ሰምቼዋለሁ። የምጽፍላችሁ በ1979 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ስለተደረገ አንድ ጨዋታና በዚያ ቀን በእጄ ስለነበረ ባለ 50 ሉክ ደብተር ነው።

ቅርጫት ኳስን የፈጠረው ጄምስ ናይስሚዝ የተባለ የስፖርት መምህር ሲሆን፣ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ በስፕሪንግፊልድ ከተማ በ1891 እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ብርድ ምክንያት አዳራሽ ውስጥ ለተዘጋባቸው ተማሪዎቹ መላ ሲፈልግ ያገኘው ጨዋታ ነው። ሁለት የኮክ ፍሬ መያዣ ቅርጫቶችን በአዳራሹ ሰገነት ላይ ቸነከረ፤ ሰገነቱ ከወለሉ 10 ጫማ ከፍ ያለ ስለነበር ቀለበቱ እስከ ዛሬ በዓለም ሁሉ በ3 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ላይ ይሰቀላል። የእነሱ የብርድ ወራት ለእኛ የበጋ ወራት ናቸው። ዝናቡ አቁሞ ሲሚንቶው ሲደርቅ የትምህርት ቤቶች ውድድር ይጀመራል፤ ከብርድ ሸሽቶ ጣሪያ ሥር የተወለደውን ጨዋታ እኛ ጣሪያ በሌለው ሜዳ ላይ ከፀሐይና ከነፋስ ጋር እንጫወተዋለን። ከቀትር በኋላ ምድሩ ከውኃው ይልቅ ቶሎ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ይነሣል፤ በመንገዱ በኩል ወዳለው ቀለበት የሚወረውር ሰው ነፋሱ ከጀርባው ስለሚገፋለት ለዘብ አድርጎ መልቀቅ አለበት። የሐይቁን ቀለበት ግን ነፋሱን ወደ ፊት እየተቀበልንም ቢሆን «ዕድለኛው» እንለው ነበር። መሐንዲስ ከሆንኩ በኋላ አንድ ቀን ሜትር ይዤ ሄጄ ብለካው 2 ሜትር ከ97 ሆኖ አገኘሁት፤ የመንገዱ 3 ሜትር ከ8 ነበር። ለዓመታት ዕድል ያልነው 11 ሳንቲ ሜትር ኖሯል።

ቡድናችን አሥር ልጆች፣ ስድስት ጥንድ ሸራ ጫማና አንዲት ኳስ ነበረው፤ ኳሷም ጎሚስታ ቤት ሁለት ጊዜ ተለጥፋ የተመለሰች ስለነበረች በአንድ በኩል ስትነጥር ወደ ግራ ታደላለች። ጫማ የሌለው ልጅ ተቀይሮ ሲገባ የሚወጣውን ልጅ ጫማ አውልቆ ይቀበለዋል። እኔ ጫማ ከሌላቸው አንዱ ነበርኩ። ጽሑፌ ንጹሕ ነው ተብሎ የፋውል መዝገብ ለእኔ ተሰጠኝ፤ ተጫዋቹ በአምስተኛው ፋውል ከጨዋታው ስለሚወጣ፣ ብልህ አሠልጣኝ አራት የደረሰበትን ልጅ ወዲያው አስቀምጦ ለመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ያቆየዋል። የዳኞቹ ጠረጴዛ የራሱ መዝገብ ነበረው፤ የእኔ ደብተር ግን ለአሠልጣኛችን ዓይን ነበር። በየስሙ አንጻር ጭረት እየሠራሁ፣ ሦስተኛውና አራተኛው ሲሞላ ሄጄ መንገር ነበረብኝ። ሥራዬ ይኸው ብቻ ነበር።

እኔ የምቀይረው ልጅ «ደንገል» ይባላል። ቁመቱና ቅጥነቱ የሐይቁን ዳር ደንገል ስለሚመስል ያወጣንለት ስም ነው፤ አባቱም በታንኳ ማገዶ እያመላለሰ የሚያድር ሰው ስለነበር ስሙ በሁለት በኩል ገጠመለት። ማለዳ አባቱን ሸክም ሲያግዝ ቆይቶ እጁ ላይ የቅርፊት ስንጥር እንደተሰካ ወደ ልምምድ ይመጣል፤ ኳስ ሲይዝ ግን እጁ እንደዚያ የሻከረ እጅ አይመስልም ነበር። እኔ ከእርሱ በፊት መጥቼ ከእርሱ በኋላ የምሄድ፣ ቅጣት ምት የምለማመድ፣ የጨዋታውን ሕግ በቃሌ የማውቅ ልጅ ነበርኩ። ሆኖም የሚሰለፈው እርሱ ነው። ትክክልም ነበር፤ ያን ጊዜ ትክክል መሆኑን ባውቅ ኖሮ ይቀለኝ ነበር አልልም፣ አውቀው ነበርና።

የዚያን ቀን የተጋጠምነው ከከተማው ሌላ ጫፍ ከመጣ ቡድን ጋር ለዋንጫ ነበር። ጨዋታው እንደ ዛሬው አራት ጊዜ 10 ደቂቃ ሳይሆን ሁለት ጊዜ 20 ደቂቃ ነበር። ባለ ሦስት ነጥብ መስመር በ1984 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ ሕግ ውስጥ ቢገባም የእኛ ሲሚንቶ ላይ ገና አልተሠመረም። ዕረፍት ስንወጣ ደንገል ሁለት ፋውል ነበረበት፤ ለአሠልጣኙ ነገርኩት። ከዕረፍት በኋላ ሦስተኛው መጣ፤ እሱንም ነገርኩት። ሰባት ደቂቃ ያህል ሲቀር በሐይቁ ቀለበት ሥር አራት አምስት ልጆች ተደራርበው ወደቁና ፊሽካ ተነፋ። ዳኛው 8 ቁጥርን አሳየ። ደንገል 8 ነው። ነገር ግን በቀለም የተጻፈው 8 ከመታጠብ ብዛት ጎኑ ለቅቆ 6 ይመስል ስለነበር፣ በመስመሩ ዳር ወዲያ ወዲህ ይል የነበረው አሠልጣኛችን ፋውሉ የ6 ቁጥር መሰለው። እኔ ደብተሩ ላይ አራተኛውን ጭረት ሠራሁ። ከወንበሬ ግን አልተነሣሁም። አሠልጣኙ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሦስት ደቂቃዎች እስከ ዛሬ አንድ በአንድ ልነግራችሁ እችላለሁ። 43 ለ40 እየመራን ነበር። እኔ ሹራቤን አወለቅሁ። ልብ በሉ፤ ሹራቤን ያወለቅሁት አምስተኛው ፊሽካ ከመነፋቱ በፊት ነው። አራት ደቂቃ ሲቀር የተጋጣሚያችን ልጅ ወደ ቀለበቱ ሲወጣ ደንገል፣ አንድ ፋውል ገና በእጁ ያለ መስሎት፣ ያለ ስጋት ዘለለ። ከጠረጴዛው የአምስት ጣት ምልክት ሲታይ ወደ እኛ ዞሮ እርሱም አምስት ጣቱን ዘርግቶ አየኝ። አልተቆጣም፤ ሒሳቡ እንዴት እንደሆነ የጠየቀኝ ይመስላል። ከዚያ መጥቶ ወለሉ ላይ ተቀመጠና ጫማውን አወለቀ። 44 ቁጥር ነበር፤ እግሬ ውስጡ ይዋኛል። ላብ የጠጣው ሸራ እየሞቀ እግሬን ሲነካኝ ይሰማኛል። እንዳይወልቅብኝ ብሎ ክሩን በቁርጭምጭሚቴ ዙሪያ ሁለት ጊዜ አዙሮ ያሰረልኝ እርሱ ራሱ ነው። እንደ ሕፃን እግሬን ዘርግቼ አስታሰርሁ።

ገባሁ። አንድ ግብ አስቆጠርኩ፤ ተጨበጨበልኝ። 46 ለ45 ተሸነፍን።

አሠልጣኛችን ደንገልን በሁላችን ፊት፣ «ሦስት ይዘህ አራተኛውን ጠብቅ አላልኩህም?» ብሎ ተቆጣው። ልጁ አንገቱን ደፋ። አሠልጣኙ ወዲያው እጁን ዘርግቶ ደብተሩን ተቀበለኝ፤ ገጹን ገለጠ፣ ጭረቶቹን በጣቱ ቆጠረ፣ ዘጋው፤ መልሶም ሰጠኝ። ምንም አላለም። በዓመቱ፣ 12ኛ ክፍል ሆነን ውድድሩ ሲጀመር፣ ደብተሩን ለሌላ ልጅ ሰጠው። እኔን ደግሞ ቋሚ ተሰላፊ አደረገኝ፤ ደንገል ትምህርት አቋርጦ ከአባቱ ጋር ሐይቅ ላይ ውሎ ነበርና ቦታው ባዶ ነበር። ትምህርቱን ያቋረጠው በቤቱ ችግር እንጂ በዚያ ጨዋታ ምክንያት አይደለም። ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ።

ከላይ፣ «አሠልጣኙ አልጠየቀኝም» ብዬ ጽፌያለሁ። ሳነበው አላስቀምጥ አለኝ። ጠይቆኛል። ያ ክምር ከተነሣ በኋላ ከመስመሩ ዳር ዞሮ፣ ነፋሱ ድምፁን ስለሚወስድበት፣ ሦስት ጣቱን ከፍ አድርጎ አሳየኝ። እኔም በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ። ለሚስቴ እንኳ ይህን ታሪክ ስነግራት ያቺን ጣት ዘልያት ነበር።

የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ ደንገልን ጀልባ መሳፈሪያው አካባቢ አገኘሁት። ወደ ዘጌ ገዳማት ሰው የሚያመላልስ ባለ ሞተር ጀልባ አለው። የተጠበሰ አሣ ጋበዘኝና ትንሹን ልጁን ጠርቶ፣ «ጫማዬን የነጠቀኝ ይኼ ነው! ጫማዬን አድርጎ ገብቶ አገባ እኮ!» እያለ ሳቀ። ልጁ እግሬን አየ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አሣው ትኩስ ነው፣ ልጁ ተቀምጧል፣ ሰውየው ደስ ብሎታል፤ የፈለግሁት ሰበብ ሁሉ ሞልቶ ነበር።

ስፖርት ጨዋነትን ያስተምራል ይባላል፤ እኔም በየሽልማቱ ላይ ተጋብዤ ብዬዋለሁ። እኔን በዚያ ዓመት ያስተማረኝ ግን ራስን በዝግታ መነቅነቅን ነው። የሚጠቅመውን የተማርኩት ዘግይቼ፣ ከሥራ ነው። የኮንክሪት ናሙና በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ተጨምቆ ጥንካሬው ሲመዘገብ፣ ዝቅ ያለ ቁጥር አይቶ ዝም ያለ ወጣት መሐንዲስ፣ «አልተጠየቅሁም» ሲለኝ ከሚገባው በላይ እቆጣለሁ። ባልደረቦቼ ኃይለኛ ነው ይሉኛል። በማን ላይ እንደምቆጣ አያውቁም።

እናንተ ዛሬ ከእኛ የተሻለ ኳስና ጫማ አላችሁ፤ ጫማ የሚዋዋስ ልጅም አላየሁም። ስልካችሁ ላይ አሜሪካዊው ተጫዋች ስቴፈን ከሪ ከሩቅ ሲያስቆጥር እያያችሁ ስለምታድጉ፣ ከሰሌዳው 4 ሜትር ከ60 ላይ ቆማችሁ ቅጣት ምት ሳታስገቡ ከባለ ሦስት ነጥቡ መስመር፣ ከ6 ሜትር ከ75 ትወረውራላችሁ። ተቀያሪዎቻችሁም ጨዋታውን በስልክ ሲቀርፁ እንጂ ሲያዩ አይታዩኝም። ይህ ያስከፋኛል። ነገር ግን ያን ቀን አንዱ በስልክ ቀርፆኝ ቢሆን ኖሮ ራሴን ስነቀንቅ ይታይ ነበር፤ ስለዚህ ነቀፋዬን ግማሹን አንሥቻለሁ።

ለዚያች ልጅ ያልመለስኩትን ልመልስ። ብትተዪው አልፈርድብሽም፤ መቀመጥ ከመሮጥ ይልቅ ያደክማል። ከተቀመጥሽ ግን ፋውል ቁጠሪ፤ የራስሽን ቡድን ብቻ ሳይሆን የተጋጣሚሽንም ቁጠሪ። ቦታሽን የያዘችው ልጅ አራት ሲሞላባት አሠልጣኝሽ ጣቱን እስኪያወጣ አትጠብቂ፤ ሮጠሽ ንገሪው። ያን ቀን ላትገቢ ትችያለሽ።

ለደንገል እስካሁን አልነገርኩትም። እርሱ ይህን የመሰለ ረጅም ጽሑፍ የሚያነብ ሰው አይደለም። ያ እግሬን ያየው ልጁ ግን አድጎ ጀልባው ላይ አብሮት ይሠራል፤ ሰው እስኪሞላ ሲጠብቁም ስልኩ ላይ ያገኘውን ሁሉ ለአባቱ ጮክ ብሎ ያነብለታል።