ልጄ «ነፍሴ የወንድ ናት» አለችኝ ላልሽው እናት

እህቴ ጥያቄሽን ሌሊት ከስራ ስወጣ ነው ያየሁት። የ19 ዓመት ልጄ «ነፍሴ የወንድ ናት፣ ሥጋዬ ነው የተሳሳተው» አለችኝ፣ ደሞ የእህቴን ልጅ ክርስትና ላነሳ ብላ ቃል ገብታለች፣ ካቶሊክ ምን ይላል ነው ያልሽው አይደል? እኔም ቤት የደረሰ ነው፣ እኔም እዚሁ አሜሪካ ነኝ፣ የተቃጠልኩበትን ልንገርሽ።

1ኛ፣ ሰነድ ቆርጠሽ እንዳትልኪላት። በ2024 ቫቲካን ዲግኒታስ ኢንፊኒታ የሚባለውን ስለ ሰው ክብር የሚያወራ ሰነድ ስታወጣ ቁጥር 60ን፣ ያው ጾታን በህክምና መቀየር ሰው ከተፀነሰ ጀምሮ ያገኘውን ክብር አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል የሚለውን፣ ስክሪንሾት አድርጌ ለራሴ ልጅ በቴሌግራም ላኩላት። አየችው፣ መልስ የለም፣ አራት ወር። እዛው ቁጥር 55 ላይ የማንም ሰው ክብር ይጠበቅ፣ ግፍና ጥቃት አይድረስበት የሚለውን እኔ ራሴ አላነበብኩትም ነበር። ኋላ እሷው ናት ያሳየችኝ፣ አፈርኩ።

2ኛ፣ ስለ ነፍስ ከማውራትሽ በፊት ራስሽ ምን እንዳስተማርሻት አስታውሺ። እኛ ቤት «ሥጋ ልብስ ነው፣ ዋናዋ ነፍስ ናት» እየተባልን ነው ያደግነው፣ እኔም ለልጄ ያንኑ ነበር የምላት፣ አያቷ ሲያርፉማ ልብሳቸውን አወለቁ ብዬ ነው ያጽናናኋት። የተጣላን ቀን ኩሽና ቆሜ ሽንኩርት ስከትፍ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፣ «ማሚ ልብስ ነው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ? ልብሱ ልኬ ካልሆነስ?» ቢላዋውን እንደያዝኩ ቀረሁ። በኋላ አንድ አባ ናቸው ያስረዱኝ፣ ቤተክርስቲያን ሥጋ ልብስ ነው ብላ አታስተምርም፣ በ1312 ያበቃው የቪየን የቤተክርስቲያን ጉባኤ ነፍስ የሥጋ «ቅርፅ» ናት ብሏል፣ ማለት ሥጋን ሕያው የሰው አካል የምታደርገው እሷ ናት፣ የቤተክርስቲያኗ የትምህርት መጽሐፍ ካቴኪዝም ቁጥር 365ም ሁለቱ አንድ ባሕርይ ናቸው እንጂ የተጣበቁ ሁለት ነገሮች አይደሉም ይላል። ትንሳኤ ሙታን የምንለውስ ለዚህ አይደል፣ ልብስ ከሆነማ ምን ሊያስነሳው። እና የወንድ ነፍስ በሴት ሥጋ ገባች የሚለውን ቤተክርስቲያን አትቀበልም፣ ግን የኔንም አትቀበልም! ይሄን ስነግራት ነው ከስንት ጊዜ በኋላ የሳቀችው። አልተስማማችም፣ ሳቀች።

(እዚህ «እሷ» እያልኩ መጻፌን ብታይ ትቆጣለች። አማርኛ ደሞ ማምለጫ የለውም፣ «ብላ» ካልሆነ «ብዪ» ነው። አሁን ቤት ውስጥ «እንብላ»፣ «እንሂድ» ነው የምለው፣ በሱ ታርቀናል።)

3ኛ ቢሮው። ወይ ያ ቢሮ! የኔም ልጅ ክርስትና ላነሳ ብላ ስንሄድ የቁምስናው፣ ያው የአጥቢያው፣ ጸሐፊ ሰው በተሰለፈበት «እንዲህ አይነት ሰው እንኳን ክርስትና ሊያነሳ እዚህም መምጣት የለበትም» አለኝ፣ ልጄ ፎርሙን በእጇ ይዛ አጠገቤ ቆማ። እንባዬን ውጬ ቤት ገባሁና ስፈልግ አደርኩ። አንድ የብራዚል ጳጳስ ጠይቀው ቫቲካን ኦክቶበር 31 2023 መልስ ሰጥታለች፣ ፖፕ ፍራንሲስም አጽድቀውታል፦ ትራንስ የሆነ ሰው ሆርሞን ወስዶም ኦፕራሲዮን ሆኖም ቢሆን ለምዕመናን መሰናክል ወይም ግራ መጋባት እስካላመጣ ድረስ እንደማንኛውም ሰው ሊጠመቅ ይችላል፣ ክርስትና ማንሳትም እንደሁኔታው ሊፈቀድለት ይችላል፣ ግን መብት አይደለም፣ ካህኑ በጥንቃቄ አይቶ ነው። ፕሪንት አድርጌ፣ አስምሬበት፣ በቀጠሮ ቀጥታ ለቆሞሱ፣ ለቁምስናው ዋና ካህን፣ ሰጠኋቸው። ሁለቴ አነበቡት። ለዚህ ክርስትና አይሆንም አሉ፣ ደስ አላለኝም፣ ግን ልጄን አስጠርተው አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብለው ራሳቸው ነገሯት፣ ሰው አድርገው። በክርስትናው ቀን ሻማ የያዘችው እሷ ናት።

ጸሐፊው እስከዛሬ ይቅርታ አላለም፣ እኔም ሰላም አልለውም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

እና አንቺ በጸሐፊው ቢሮ በኩል እንዳትሄጂ፣ ቀጥታ ካህኑን። ሜሮን የተቀበለችበትን ወረቀትም ያዢ፣ መጠየቁ አይቀርም። ያሰመርኩበት ወረቀት ፎቶው ስልኬ ላይ አለ፣ ኢንቦክስ አድርጊኝ።