ክረምቱን ካምፕ ለምትሄዱ ልጆች

ልጆች፣ ትምህርት ሊዘጋ ሲል አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። «ክረምቱን ካምፕ ልሂድ ወይስ ለወደፊት ሥራዬ የሚጠቅም ኮርስ ልውሰድ?» ትላላችሁ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ በነርስነት ነው፤ ስለዚህ ከማውቀው ተነስቼ ልመልስላችሁ። ለሥራዬ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝን ነገር የተማርኩት ነርሲንግ ትምህርት ቤት ሳልገባ በፊት ነው። ሐይቅ ዳር ባለ የክረምት ካምፕ ውስጥ፣ የዋና ሰዓት ረዳት ሆኜ።

በደንብ በሚመራ ካምፕ ማንም ልጅ ብቻውን ውሃ ውስጥ አይገባም። እያንዳንዱ ጥንድ አለው። በየተወሰነ ደቂቃው ፊሽካ ይነፋል። በዚያች ቅጽበት ሁሉም ባለበት ይቆማል፣ የጥንዱን እጅ ይይዛል፣ የተያያዘውን እጅ ወደ ላይ ያነሳሉ። ጠባቂዎቹ ዳር ላይ ቆመው ጥንዶቹን ይቆጥሩና ወደ ውሃው ሲገቡ ከተመዘገበው ጋር ያመሳክራሉ። ከገጠመ ጨዋታው ይቀጥላል። ካልገጠመ ሁሉም ይወጣል። «ሽንት ቤት ሄዶ ይሆናል» ተብሎ አይታለፍም። ልጆቹ ያጉረመርማሉ፣ በተለይ ጨዋታው ሞቅ ካለ፤ ያ ሁሉ ጉርምርምታ እያለ አንድ ገና ጢሙ ያላበቀለ ረዳት ድምፁን ከፍ አድርጎ «አልገጠመም፣ ውጡ!» ማለት አለበት።

ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥም እንቆጥራለን። ቀዶ ጥገናው ሳይጀመር ጎዙ (ደም የሚመጠጥበት ስስ ጨርቅ)፣ መርፌው፣ መሣሪያው ሁሉ ይቆጠራል። ሁለት ሰው ሆኖ ነው የሚቆጠረው፤ ጮክ ተብሎ፣ እያንዳንዷ በዓይን እየታየች። ሊሰፋ ሲል ደግሞ እንደገና። አንዲት ጎዝ ከጎደለች ሕመምተኛው ሰውነት ውስጥ ቀርታ ሊሆን ስለሚችል፣ ሐኪሙ ቢቸኩልም፣ ሌላ ሕመምተኛ በር ላይ ቢጠብቅም፣ ይቆማል። ወለሉ ይፈተሻል፣ ቆሻሻ መጣያው ይፈተሻል፣ ካልተገኘም ራጅ ይነሳል። ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ትናንት የተቀጠረ ነርስ ሆናችሁ፣ አንቱ የተባለ ቀዶ ሐኪም መርፌውን ይዞ ሊሰፋ ሲል «ዶክተር፣ ቁጥሩ አልገጠመም» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ጉሮሮ ይደርቃል። እኔ ያንን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ስናገር ድምፄ ያልጠፋው፣ ቁጥር ሲጎድል ሰው ሁሉ ቢቆጣም ማስቆም እንዳለብኝ ሐይቁ ዳር ስለለመድኩት ነው። ኮርስ ይህንን አያስተምርም እያልኩ አይደለም። ግን ማወቅና መልመድ ይለያያሉ።

ሌላም ነገር ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ ያደረገው የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ ዝርዝር 19 ነጥቦች አሉት። የጎዝና የመርፌ ቆጠራ አንዱ ነው። አንዱ ደግሞ፣ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት በክፍሉ ያሉት ሁሉ ስማቸውንና የሥራ ድርሻቸውን መናገራቸው እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። ባልደረቦቼ መጀመሪያ ላይ የልጅ ጨዋታ መስሏቸው ነበር። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ፤ ካምፕ የመጀመሪያው ማታ ላይ ሁሉም እየተነሳ ስሙን የሚናገረው በከንቱ አይደለም። አንዴ ስሙን ጮክ ብሎ የተናገረ ሰው፣ በኋላ ችግር ሲያይ ዝም ለማለት ይከብደዋል።

ስለ ሙያ ይህን ያህል ካልኩ፣ ስለ እሴት ደግሞ የአንዲት ሴት ታሪክ ልንገራችሁ። ጁዲ ሂውማን ትባላለች። በሕፃንነቷ ፖሊዮ ይዟት በዊልቸር ነበር የምትንቀሳቀሰው። ኒውዮርክ ውስጥ ለትምህርት ስትደርስ «ለእሳት አደጋ ታሰጋለች» ተብላ ተመለሰች። በኋላ ካትስኪል ተራሮች ላይ ወደነበረው ካምፕ ጄኔድ ሄደች፤ መጀመሪያ እንደ ተሳታፊ፣ ቀጥሎ እንደ ሠራተኛ። እዚያ አካል ጉዳተኛ ወጣቶች እንደ ሸክም አይታዩም ነበር። ይጫወቱ፣ ይዋደዱ፣ ይከራከሩ፣ ስለራሳቸው ራሳቸው ይወስኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 የመምህርነት ፈቃድ ሲከለክሏት ከሰሰችና አስተማሪ ሆነች። በ1977 ደግሞ፣ በመንግሥት ገንዘብ በሚሠራ ተቋም ውስጥ አካል ጉዳተኛን ማግለል የሚከለክለው ሕግ ማስፈጸሚያ ደንብ እንዲፈረም፣ ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኝ የፌዴራል ሕንፃ ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር ገብታ ከሦስት ሳምንት በላይ አልወጣም አለች። ከካምፑ የምታውቃቸውም አብረዋት ነበሩ። ደንቡ ተፈረመ።

ይህን ታሪክ የምወደው ካምፑ ውስጥ ማንም ለታጋይነት ስላላሠለጠናት ነው። ሰው በሰውነቱ የሚከበርበት ቦታ በየክረምቱ ኖረችበት፣ ከዚያ ወጥታ ተራውን ዓለም ስታይ አልዋጥ አላት። በቃ፣ እሴት የሚገባን እንዲህ ነው፤ በምክር ብዛት አይደለም፣ የእኔን ምክር ጨምሮ።

ካምፕ ሁሉ ደግ ነው ግን አልልም። እ.ኤ.አ. በ1954 ሙዛፈር ሸሪፍ የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኦክላሆማ ውስጥ 11 ዓመት ገደማ የሆናቸውን ወንዶች ልጆች ካምፕ አስገብቶ ሁለት ቦታ ከፈላቸው። ሽልማት ያለው ውድድር ሲጀመር ተሰዳደቡ፣ አንዱ የሌላውን ባንዲራ አቃጠለ፣ ማደሪያ ቤት ወረሩ። አብሮ ማብላት ብቻውን አላስታረቃቸውም። ያቀራረባቸው ሁሉም ተባብረው ካልሆነ የማይፈታ ችግር ነበር፤ ለምሳሌ የካምፑ ውሃ ሲቋረጥ። ልጆቹ ምርምር እንደሚካሄድባቸው አለማወቃቸው ዛሬም ይቆጨኛል። ቡድን መሪ የምትሆኑ ግን ይህን ያዙ፤ ነጥብ ከመቁጠር ይልቅ የጋራ ሥራ ስጧቸው።

አሁን ወደ እናንተ። ዕድሜያችሁ ከደረሰ በተሳታፊነት ብቻ አትሂዱ፣ ረዳት ሁኑ። ሌሎች የሚሸሹትን ተራ ውሰዱ። ሌሊት ቤቱ ናፍቆት የሚያለቅስ የ8 ዓመት ልጅ አጠገብ ተቀምጦ እስኪተኛ መጠበቅ፣ ምንም ሳይዋሹ፣ «ነገ እናትህ ትመጣለች» ሳይሉ፣ ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ኋላ ሐኪም ሁኑ፣ ጠበቃ ሁኑ፣ ሱቅ ክፈቱ፣ የፈራ ሰው አጠገብ መቀመጥ አይቀርላችሁም።

ሥራ ስታመለክቱም «ካምፕ ተሳትፌያለሁ» ብላችሁ አትለፉት። ብዙ ወጣቶችን ቃለ መጠይቅ አድርጌያለሁ፤ ያ ዓረፍተ ነገር ምንም አይነግረኝም። ስንት ልጅ በኃላፊነት ይዛችሁ እንደነበር፣ ምን ሲበላሽ ምን እንዳደረጋችሁ ጻፉ።

ከመመዝገባችሁ በፊት ደግሞ ካምፑን ጠይቁት። አንድ መሪ ስንት ልጅ ይይዛል? ውሃ ዳር ማን ይቆጥራል? ልጅ ሌሊት ቢታመም ማን ይጠራል? በግልጽ ካልመለሱ ሌላ ፈልጉ። ክፍያው ከበዳችሁ ደግሞ ለረዳቶች ቅናሽ ወይም ድጋፍ እንዳለ ጠይቁ፣ አትፈሩ፤ ቦታው ቶሎ ስለሚያልቅ ግን ፈተና እስኪያልቅ አትጠብቁ።