አንድ መርከብ፣ ሁለት ዋጋ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው፤ ታናሽ ወንድሜ ለንደን ነው። አዲስ አበባ ያለችው እናታችን በመስከረም 70 ዓመት ይሞላታል። «ባሕር ሳላይ አልሞትም» ማለት ከጀመረች ቆየች። ተመካክረን ደህና የተባለ የቅንጦት መርከብ መረጥንላት። መስከረም 15 ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ ተነስቶ በሳንቶሪኒ፣ በኩሻዳሲና በሮድስ በኩል ሮም አጠገብ ቺቪታቬኪያ ያደርሳል። 10 ሌሊት ነው። እኔን በሰው 6,900 ዶላር አሉኝ። ቀብዱ ይመለሳል፤ የመጨረሻው ክፍያ ከጉዞው 120 ቀን በፊት ነው። ወንድሜን ግን ለዚያው ቀን፣ ለዚያው ዓይነት ካቢን 6,200 ፓውንድ አሉት። ሲመነዘር ከ8,000 ዶላር ያልፋል! አሁን «በአንተ አድራሻ ያዝልኝ» እያለ ያስጨንቀኛል። ይቻላል? እነሱስ እንግሊዝ ለሚኖር ሰው ለምንድን ነው የሚያስወድዱት?
(የእናቱ ልጅ፣ ከሜሪላንድ)

መልስ፦ እናታችሁን እንኳን ለ70 አደረሳት። ወንድምህን ግን በአንተ አድራሻ እንዳትይዝለት።

ይህን የምልህ ራሴ ተቃጥዬበት ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ትኬት ቢሮ ስሠራ ለንደን ላለችው የአጎቴ ልጅ «ምን ችግር አለው» ብዬ በቤቴ አድራሻ ያዝኩላት። ሁሉም ሰላም ነበር። መንገደኛ ከመሳፈሩ በፊት የፓስፖርትና የመኖሪያ ቅጽ ይሞላል። እሷም በየዋህነት የለንደን አድራሻዋን ሞላች። በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። ወይ የእንግሊዙን ዋጋ ልዩነት ትክፈል፣ ወይ ቦታው ይሰረዛል። ከፈለች። እስከ ዛሬ ሠርግ ላይ ስንገናኝ «ያቺ ርካሽ ትኬትሽ» ትለኛለች።

ዋጋውን የሚወስነው የምትኖርበት አገር ነው። ትልልቆቹ ድርጅቶች ዋና ቢሯቸው ባብዛኛው ማያሚና አካባቢዋ ነው። ለእንግሊዝ፣ ለጀርመንና ለአውስትራሊያ ግን የየራሳቸው ሽያጭ ክፍል አላቸው። እያንዳንዱ የራሱን ገበያ አይቶ፣ በአገሩ ገንዘብ ዋጋ ይቆርጣል። ፓውንድ ከፍና ዝቅ ቢል የተቆረጠው ዋጋ በየቀኑ አብሮት አይሄድም። ብዙዎቹም የአሜሪካ ኤጀንት ሌላ አገር ለሚኖር ሰው እንዳይሸጥ በውል ያስሩታል። እኔን የያዘኝ ይኸው ነው።

አሁን ደውልና ወንድምህ የተላከለትን ወረቀት ከላይ እስከ ታች ያንብብልህ። እንግሊዝ የሚሸጥ የመርከብ ጉዞ ብዙ ጊዜ አውሮፕላኑንም ይዞ ነው የሚመጣው። ከለንደን አቴንስ፣ ከሮም ለንደን፣ ከአየር ማረፊያ ወደብ የሚወስደው መኪና ሳይቀር። የአንተ 6,900 ግን ፒሬየስ ላይ ነው የሚጀምረው። ከደለስ አየር ማረፊያ አቴንስ ያለው በረራ ከኪስህ ነው። ያን ስትደምር 1,100 ዶላር ገደማ የሆነው ልዩነት ምን ያህል እንደሚቀር እዩት። በዚያ ላይ አውሮፕላንና መርከብ አንድ ላይ ሲሸጥ በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. የ2018 የጥቅል ጉዞ ደንብ የተጠበቀ ነው። ሻጩ ቢከስር ገንዘቡ ይመለስለታል። ዋጋው ከ8 በመቶ በላይ ቢጨመርበትም ያለ ቅጣት መውጣት ይችላል። አንተ እንዲህ ያለ ከለላ ከፈለግህ ኢንሹራንስ ትገዛለህ።

ሌላም ልጠይቅህ። ወንድምህ ካቢኑ ውስጥ ብቻውን ነው የሚተኛው? በሰው የሚነገር ዋጋ ሁለት ሰው ሲተኛ ነው። ብቻውን የሚተኛ አንዳንዴ የሁለት ሰው ሊከፍል ምንም አይቀረው። እዚህ ላይ ነው ሰው ደንግጦ የሚቀረው።

የጉርሻው ነገር እናንተን አያስጨንቃችሁም። የቅንጦት መርከብ ባብዛኛው ቲፑንም መጠጡንም በዋጋው ውስጥ ያስገባል። በተራው መርከብ ቢሆን ሌላ ወሬ ነበር፤ አሜሪካ የሚገዛ በየቀኑ ቲፕ ይቆጠርበታል፣ በአውስትራሊያ ዶላር የሚገዛው ግን ብዙ ጊዜ ከዋጋው ውስጥ ገብቶለታል። የድሮ የአሜሪካ ማስታወቂያ ይዞ የሚከራከርህ ሰው ካለም አትስማው። የወደብ ክፍያና ታክስ በማስታወቂያ ዋጋ ውስጥ በብዛት መግባት የጀመረው የካሊፎርኒያ ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ርካሽ የሚመስለው ከፊሉ ተደብቆ ነው።

እኔን ከዋጋው ይልቅ ያሳሰበኝ የእናታችሁ ቪዛ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው የያዘችው ብዬ ነው የምገምተው። ሳንቶሪኒና ሮድስ የግሪክ ደሴቶች ናቸው፤ ኩሻዳሲ ግን ቱርክ ናት። መርከቡ ከሳንቶሪኒ ቱርክ ገብቶ ወደ ሮድስ ሲመለስ እናትህ ከሸንገን፣ ማለትም በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች፣ ወጥታ እንደገና ገባች ማለት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ይዛ ብትሄድ ጉድ ነው የሚፈላው። ብዙ ጊዜ የሚያስገባውን ጠይቁላት። የቱርኩንም ለብቻው አጣሩ።

አሁን ቀኑን ቁጠር። የሸንገን ማመልከቻ ከጉዞው 6 ወር ቀድሞ ይቀበላሉ። ስለዚህ ከመጋቢት አጋማሽ ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ ታስገባለች። ቀጠሮ እስኪገኝ ሊቆይ ስለሚችል ያን ሰሞን አትተኙ። ውሳኔው በተለምዶ 15 ቀን ይፈጃል፣ ከከፋም እስከ 45 ቀን ሊሄድ ይችላል። ከመስከረም 15 ወደ ኋላ 120 ቀን ስትቆጥር ግንቦት 20 ላይ ታርፋለህ፤ ይህን ቀን እንኳ የሚረሳ ኢትዮጵያዊ የለም። ቪዛው ቢከለከል እስከዚያ ሰርዘህ ቀብድህን ትወስዳለህ። እንግሊዝ ቢያዝ ግን ቀብድ ብዙ ጊዜ ቀልጦ ይቀራል። ለዚህ ነው የእናታችሁ ቦታ ባንተ በኩል ይያዝ የምለው። ነዋሪነቷ አዲስ አበባ ስለሆነ ባንተ ካቢን ውስጥ በአሜሪካው ዋጋ እንደሚቀበሏት ቀብድ ሳትከፍል በጽሑፍ አስመልስ። ዋጋው ከግንቦት 20 በፊት ከወረደም ደውለህ «በአዲሱ አድርጉልኝ» በላቸው፤ እዚህ አገር ብዙ ጊዜ እሺ ይላሉ።

ወንድምህ ለንደን ይያዝ። ከዚያ የሁለታችሁን የቦኪንግ ቁጥር ለሁለቱም ኤጀንቶች ስጡና እንዲያገናኟቸው ንገሯቸው። ራት ላይ አንድ ጠረጴዛ ይሰጧችኋል።

አንተና እናትህ የምትተኙበትን ካቢን ከታች ፎቅ፣ ከመርከቡ መሃል ምረጥ፤ እዚያ መወዛወዙ ይቀንሳል። ረቡዕና ዓርብ የምትጾም ከሆነም ከአሁኑ አስመዝግብ። «የጾም» ብትላቸው አይገባቸውም፣ «ቪጋን» በላቸው። ሽሮ ግን አይሠሩላትም፤ እሱን ቀድመህ ንገራት።