«ቆሞ ነው የኖረው» የተባለ አሮጌ ሞተርሆም ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ ላልከው

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ያገኘኸው ሞተርሆም፣ ማለትም አልጋና ሽንት ቤት ያለው እየነዱ የሚኖሩበት መኪና፣ በፈረንጆቹ የ2004 ሞዴል ነው፤ 12 ሜትር፣ ናፍጣ፣ ሞተሩ ከኋላ፣ ሲቆም ክፍሉን ለማስፋት ወደ ውጭ የሚገፉ ሁለት የግድግዳ ክፍሎች (ስላይዶች) ያሉት፣ ውስጡ ቆዳና እብነ በረድ። ከ20 ዓመት በላይ ሆኖት የሄደው 60 ሺህ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ዋጋው የአዲሱን ሩብ እንኳ አይሞላም። ሻጩ ደግሞ «ብዙውን ጊዜ ቆሞ ነው የኖረው፣ እንደ አዲስ ቁጠረው» ብሎሃል። ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ ነው ያልከው።

እኔ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የዚህኑ ታናሽ ወንድም ገዝቻለሁ፤ የ2005 ሞዴል ነው። አሁንም አለኝ፣ የመሸጥ ሐሳብም የለኝም። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ አንተን ያጓጓህ ነገር እኔን ነው ያስደነገጠኝ። ቆሞ ነው የኖረው የሚለው።

መኪና ሲቆም ያረፈ ይመስላል እንጂ አያርፍም። ጎማው ይደርቃል። ጎሚኒዎቹ ይሰነጣጠቃሉ። ናፍጣው ውሃ ይይዝና ታንከሩ ውስጥ ዝቃጭ ይፈጠራል። ባትሪው ይሞታል። አይጥ ገብታ ሽቦ ትቆረጥማለች። ጣሪያው ላይ ያለው ማስቲሽ ይነቃል፣ ማንም ወጥቶ አያየውም። በየወሩ የሚነዳው ሰው እነዚህን አንድ በአንድ እያገኘ ያስተካክላል፤ ቆሞ የከረመው ግን ሁሉንም አጠራቅሞ የሚያስረክበው ለአዲሱ ገዢ ነው። 200 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደና የጋራዥ ደረሰኙ በዓመት በዓመቱ የተያዘ ቢገኝ ከዚህኛው አስበልጬ አየዋለሁ፣ ዋጋው ትንሽ ቢጨምርም።

የእኔን ጉድ ስማ። ሻጩ የጎማውን ጥርስ እያሳየኝ «አልተነካም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ጥርሱ ሙሉ ነበር። እኔም ጠቅልዬ ገዛሁ። ጎማ ጎኑ ላይ የተሠራበት ጊዜ እንደሚጻፍበት ያኔ አላውቅም ነበር። «ዶት» (DOT) ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቁጥር መጨረሻ ላይ አራት አሃዝ ታገኛለህ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። የእኔው 2305 ይል ነበር። በ2005 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው፤ ስገዛው 11 ዓመቱ! የጎማ አምራቾች ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ አስመርምሩት፣ ጥርሱ ምንም ያህል ሙሉ ቢሆን ደግሞ ከ10 ዓመት አታሳልፉት ነው የሚሉት። በሦስተኛው ጉዟችን ከኋላ በኩል በጥንድ ከሚገጠሙት ጎማዎች የውስጠኛው ፈነዳ። ጎማው ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፤ የተቀደደው ላስቲክ እየተሽከረከረ የጎማ ቤቱን ፋይበር ግላስ ሰባበረ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጥቅል በጠሰ፣ በዚያ ላይ የሽንት ቤቱን ታንከር ቧንቧ ገነጠለው። ከኋላችን ይነዳ የነበረውን ሰውዬ ሳስበው እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

እንዲህ ያለ መኪና ስድስት ጎማ አለው፣ አንዳንዱም ስምንት፤ ሁሉም የትልቅ አውቶብስ ጎማ ነው። ያረጁ ከሆነ ከዋጋው ላይ ቀንሰህ ተደራደር። ጎማ ግን ገንዘብ ካለህ የሚፈታ ችግር ነው።

በገንዘብም የማይፈታው ውሃ ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ወስደህ እይ። የብዙዎቹ ግድግዳ ስስ ፋይበር ግላስ ከእንጨትና ከፎም ጋር በማጣበቂያ ተጣብቆ ነው የሚሠራው። ውሃ ከገባ ማጣበቂያው ይለቃል፣ ግድግዳውም ያብጣል። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ሂድ፤ ጉንጭህን ግድግዳው ላይ ልትለጥፍ ምንም እስኪቀርህ ተጠጋና በቁመቱ ተመልከት። ፊት ለፊት ቆመህ የማይታይህ እብጠት ያኔ እንደ ማዕበል ይታይሃል። ከዚያ ውስጥ ግባና ቁም ሳጥኖቹን ሁሉ ክፈት፤ በተለይ ከአልጋው በላይ ያሉትን፣ የማዕዘኖቹን። አፍንጫህን አስገባ። እኔ ገዝቼ ከወር በኋላ ነው ከአልጋው በላይ ያለውን ሳጥን ባዶ አድርጌ በአውራ ጣቴ ጥጉን የተጫንኩት፤ ጣቴ እንደ ራሰ ካርቶን ስርጉድ ብሎ ገባ። ሽታው መጀመሪያም ነበር፤ ሻጩ ሽቶ ነፍቶበት ስለነበር ነው ያልገባኝ። (ሽቶ የበዛበት ሞተርሆም ካየህ ጠርጥር።) እርጥበት መለኪያ መሣሪያ ውድ አይደለም፤ ተበድረህም ቢሆን ይዘህ ሂድ። ስላይዶቹን ሙሉ በሙሉ ወደ ውጭ አስወጣና በማዕዘናቸው በኩል ወለሉን በእግርህ ርገጥ፤ ከተለመጠ በስብሷል።

ግድግዳው ካበጠ ወይም ወለሉ ከበሰበሰ፣ ግማሽ ዋጋ ቢልህም ተወው። ድርድር የለውም።

ስለ ሞተሩ ብዙ አልጨነቅም። የካሚንስ ወይም የካተርፒላር ሞተር ከአሊሰን ካምቢዮ ጋር ከሆነ 60 ሺህ ኪሎ ሜትር ለነሱ ገና ሙሽርነት ነው። እንደውም የ2004 መሆኑ ይጠቅምሃል፤ የአሜሪካ የጭስ ሕግ በ2007 ጠበቅ ሲል የመጣው የጭስ ማጣሪያም፣ በ2010 አካባቢ የመጣው ጭሱን ለማጽዳት የሚጨመረው የዩሪያ ፈሳሽም የለበትም። ለብዙ ሰው ራስ ምታት የሆኑት እነሱ ናቸው። ግን የሞተሩን ዘይት፣ የካምቢዮውን ዘይትና የራዲያተሩን ውሃ ናሙና አስወስደህ ላቦራቶሪ አስመርምር። ዘይቱ ውስጥ የብረት ብናኝ ወይም የራዲያተር ፈሳሽ ካለ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ሻጩ እምቢ ካለ መልሱን ሰጠህ ማለት ነው።

አንድ ነገር ብቻ፤ ራዲያተሩ ከኋላ የሆነ እንደሆነ በሞተሩ በኩል ባትሪ አብርተህ እየው። ከሞተሩ መተንፈሻ የሚወጣው የዘይት ጭጋግ ከመንገድ አቧራ ጋር ተለውሶ እንደ ድሪቶ ይለጠፍበታል። ሜዳ ላይ ምንም አይልህም። ዳገት ላይ ነው ሙቀቱ ሽቅብ የሚሄደው። ሞተሩም ሲነሳ አንተ ፊት፣ ቀዝቅዞ ሳለ ይነሳ። ስትደርስ ሞተሩን በእጅህ ዳሰው፤ ሞቆ ካገኘኸው ሻጩ አስቀድሞ አስነስቶታል፣ ሌላ ቀን ተመለስ።

አየሩን ደግሞ ስማው። ፍሬኑም፣ መኪናውን ተሸክሞ ንዝረቱን የሚያለዝበው ሰስፔንሽንም በአየር ነው የሚሠራው። ግፊቱ ሞልቶ ኮምፕሬሰሩ ሲያቆም ሞተሩን አጥፋና ጸጥ ብለህ አዳምጥ፤ ፍስስስ የሚል ድምፅ ካለ ያፈስሳል። ጀነሬተሩን ሁለቱንም ኤሲ (የአየር ማቀዝቀዣ) ከፍተህ ቢያንስ አንድ ሰዓት አሠራው፤ ባዶውን ማስነሳት ምንም አይነግርህም። ሰዓት ቆጣሪው ትንሽ ካሳየህ አትደሰት፣ ጀነሬተር በየወሩ ሸክም ተጭኖበት ካልሠራ ይበላሻል። ፍሪጁ በጋዝም በኤሌክትሪክም የሚሠራው ዓይነት ከሆነ ለመቀዝቀዝ ብዙ ሰዓት ስለሚፈጅ፣ ከመሄድህ አንድ ቀን ቀድሞ እንዲያበራው ንገረው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። የምትከፍለው የአሮጌ ዋጋ ነው፤ የምታስጠግነው ግን በአዲሱ ዋጋ ነው። ጋራዡ መኪናህ ስንት ዓመቱ ነው ብሎ አይቀንስልህም። እኔ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የመግዣውን ሲሶ ነው ያፈሰስኩበት፤ ጎማ፣ ባትሪ፣ ጣሪያ፣ ያ የበሰበሰ ጥግ። ስለዚህ ያለህን ሁሉ ከፍለህ አትግዛው። ናፍጣውም በ100 ኪሎ ሜትር ከ30 እስከ 40 ሊትር ይጠጣል፣ ይህን አሁኑኑ ልመደው።

የሞተርና የካምቢዮ ዕቃ ይገኛል። የሚያስቸግረው የአካሉ ነው፤ የፊት መስታወት፣ የመብራት ሽፋን፣ የስላይዱ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ። የዚያን ዘመን ቅንጡ ሞተርሆም ከሚሠሩት ሞናኮ፣ ፍሊትውድና ካንትሪ ኮች ሦስቱም በ2009 ኪሳራ ውስጥ ገብተዋል። ሞተርሆሙ ከነሱ የአንዱ ከሆነ ከመክፈልህ በፊት የፊት መስታወቱን አፈላልግ፤ ማን እንዳለውና በስንት ቀን እንደሚመጣ ሳታውቅ አትፈርም። ኢንሹራንሱንና መንጃ ፈቃድህ ለዚህ ክብደት ይፈቅድልህ እንደሆነም እንደዚያው።

ባለቤትህ ትወደው እንደሆነም አታውቅም። እኛ መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት ተከራይተን ብናየው ኖሮ 12 ሜትር እንደማያስፈልገን ይገባን ነበር። አንዳንድ የማደሪያ ቦታ በርዝመቱ የተነሳ አያስገባህም፣ ከ10 ዓመት በላይ የሆነውን የማይቀበሉም አሉ።

እኔ ብሆን ምን አደርጋለሁ ላልከው፣ ደረቅ ከሆነ የጎማውን፣ የባትሪውንና የጎሚኒዎቹን ዋጋ ቀንሼ እገዛዋለሁ። የደረሰኝ ማህደሩን ጠይቀው፤ ከየት ዓመት ላይ እንደተቋረጠ እይ። የእኔ ሻጭ ወፍራም ማህደር ነበር የሰጠኝ፤ የመጨረሻው ወረቀት ግን ከገዛሁበት ቀን ስድስት ዓመት ይቀድማል። ያኔ ውፍረቱን እንጂ ቀኑን አላየሁም።

ለአሁኑ ግን የውስጠኞቹን የኋላ ጎማዎች አራት አሃዝ አምጣልኝ። ቁጥሩ በአንድ ጎን ብቻ ስለሚጻፍ አንዳንዴ ወደ ውስጥ ዞሮ ነው የሚገኘው። ታዲያ ለማንበብ ብለህ ከሥሩ እንዳትገባ፤ አየሩ ካመለጠ 15 ቶን ነው የሚወርድብህ። ስልክህን አስገብተህ ፎቶ አንሳውና ላክልኝ።