ኳስ የሚከተለው ሮቦት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ኮዬ ፈጬ፣ ከብሎካችን ሥር ሮቦቴን ሳስኬድ ያያችሁ ሁሉ ብዙ ጠይቃችሁኛል። ሮቦቱ ሁለት ሞተር፣ ራስበሪ ፓይ 4 የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር እና ተራ የዩኤስቢ ካሜራ አለው። ኮዱ በፓይተን ቋንቋና ምስል በሚመረምረው ኦፕንሲቪ በሚባል የኮድ ስብስብ የተጻፈ ነው። የሚከተለውም ቢጫ የቴኒስ ኳስ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የኔ ሮቦት ቤት ውስጥ በደንብ ይከተላል፤ ደጅ ሲወጣ ኳሱን ያጣዋል። ለምን?

ብርሃኑ ነው ወንድሜ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የያዝኩት የቀለም ቁጥር 10 ሰዓት ላይ እኔንም አልሠራልኝም። ምስሉን ኤችኤስቪ ወደሚባለው የቀለም አገላለጽ ቀይረው፤ የቀለሙ ዓይነት ለብቻ፣ ድምቀቱ ለብቻ ይወጣልሃል። በኦፕንሲቪ የቀለም ዓይነት የሚቆጠረው እስከ 360 ሳይሆን ከ0 እስከ 179 ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። ቀይ ኳስ ከሆነ ደግሞ ቀይ በሁለቱም ጫፍ ስለሚገኝ ሁለት የቁጥር ክልል ወስደህ ደምራቸው። ካሜራው ነጭን በራሱ እንዳያስተካክልም አጥፋበት፤ አለዚያ የለካኸው ቀለም ከእጅህ ይንሸራተታል።

ጥያቄ፦ ባለፈው ወደ ጀሪካን ሲሄድ አይቼዋለሁ!

እውነት ነው። ውኃ ለመቅዳት ከተሰለፉት ቢጫ ጀሪካኖች አንዱ ፊት ሄዶ ቆመ፤ በቀለም ብቻ ካየነው ያው ኳስ ነው። ከዚያ ወዲህ ቅርጹንም አስለካዋለሁ። የቅርጹን ስፋት በ4 እና በፓይ (3.14) አባዝታችሁ ለዙሪያው ርዝመት ካሬ አካፍሉት። ፍጹም ክብ 1 ይሰጣል፣ ካሬ 0.785 ገደማ፣ ጀሪካን ቁመቱ ስለሚረዝም ከዚያም ያንሳል። እኔ ከ0.8 በታች ያለውን እንዲተው አድርጌያለሁ። ችግሩ፣ ኳሱ ግማሹ ሣር ውስጥ ከተደበቀም ይተወዋል።

ጥያቄ፦ ኳሱን እያየ ለምን ግራና ቀኝ ይወዛወዛል?

ምስሉ 640 ፒክስል (የምስል ነጥብ) ቢሰፋ መሃሉ 320 ነው። ኳሱ 400 ላይ ከታየ ልዩነቱ 80 ነው። ያንን በትንሽ ቁጥር አባዝተን ለግራው ጎማ ፍጥነት እንጨምራለን፣ ከቀኙ እንቀንሳለን፤ ሮቦቱ ወደ ቀኝ ይዞራል። ማባዣው ከበዛ መሃሉን አልፎ ይሄዳል፣ ተመልሶም ያልፋል። ሁላችሁም ማባዣውን ትነካካላችሁ፤ እኔ ግን መጀመሪያ መዘግየቱን ፈትሹ እላለሁ። በሰከንድ 30 ምስል የሚሰጥ ካሜራ በየ33 ሚሊሰከንዱ አዲስ ምስል ያመጣል። ኮዳችሁ ለአንዱ 100 ከፈጀ ምስሎቹ ወረፋ ይይዛሉ፣ ሮቦቱም የሚዞረው ኳሱ ቀድሞ ወደነበረበት ነው። እጃችሁን ካሜራው ፊት አወዛውዙና ስክሪኑን እዩ፤ ከእጃችሁ ኋላ ከቀረ ጥፋቱ እዚያ ነው። ምስሉን ወደ 320 በ240 አሳንሱ፣ ከካሜራው ማንበቡን በሌላ ትሬድ (ጎን ለጎን በሚሠራ የኮዱ ክፍል) አድርጉና የመጨረሻውን ምስል ብቻ ውሰዱ። የኔ መወዛወዝ በአብዛኛው የቆመው በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ርቀቱን በአንድ ካሜራ እንዴት ያውቃል?

ኳሱን 100 ሳንቲሜትር ላይ አስቀምጠሽ ስንት ፒክስል እንደሚሰፋ ቁጠሪ። እዚያ ላይ 40 ከሆነ፣ እጥፍ ሰፍቶ 80 ሲሆን ርቀቱ በግማሽ ቀንሶ 50 ሳንቲሜትር ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ኳሱ ከዓይኑ ሲጠፋስ?

ይቁም! የመጀመሪያው ኮዴ የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ ስለቀጠለ ሮቦቱ ቦይ ውስጥ ገባ፤ ልጆች አጠገቡ ነበሩና በጣም ደነገጥኩ። አሁን 10 ምስል በተከታታይ ካላየው ይቆማል፣ ከዚያ ኳሱ ወደጠፋበት ጎን ቀስ ብሎ እየዞረ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ሞተሩ ሲነሳ ፓዩ ይጠፋብኛል።

ለሞተሮቹ የራሳቸው ባትሪ ስጣቸው፣ ግራውንዱን (የሁለቱን ኔጌቲቭ መስመር) ግን አገናኝ። የፓዩ ፒን (ትእዛዝ የሚወጣበት የሽቦ መሰኪያ) 3.3 ቮልት ነው፤ ሞተር በቀጥታ እንዳትሰካበት፣ የፓዩን ትእዛዝ ተቀብሎ ሞተሩን በባትሪው ኃይል በሚያሽከረክረው ሞተር ድራይቨር በኩል ይሁን።

ጥያቄ፦ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ሮቦት የለኝም። መጀመር እችላለሁ?

እንዴታ የኔ ልጅ! የቤት ወይም የትምህርት ቤት ላፕቶፕ ካገኘሽ ይበቃል። ኳሱን በካሜራው ፊት እያንቀሳቀስሽ ኮዱ "ግራ"፣ "ቀኝ"፣ "መሃል" ብሎ እንዲጽፍልሽ አድርጊ። እሱ ሲሠራልሽ ቅዳሜ ይዘሽው ነይ፣ የኔ ሮቦት ላይ እንጭነዋለን።