ያስቀመጥኩት ወረቀት

የእህቴ የልጅ ልጅ ለእረፍት ከዩኒቨርሲቲ መጥታ፣ ደብረ ማርቆስ እቤቴ ቡና እየጠጣን ነበር። ቶናው ሲቀዳ ቀና ብላ፣ «አያቴ፣ ሰው ያደገበትን ሃይማኖት ቢጠይቅ ከሃዲ ይባላል?» አለችኝ። «ቡናሽ ሳይቀዘቅዝ ጠጪ» አልኳት። ጠጣች። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ከአርባ ዓመት በፊት አንድን ልጅ አፉን ያስያዝኩት በዚሁ ዓይነት መልስ ነበር። ይህን የምጽፈው ለእሷና ለእኩዮቿ ነው።

በ1973 ዓ.ም. በጎጃም አንዲት ትንሽ ከተማ ታሪክ አስተምር ነበር። አስራ አንደኛ ክፍሎችን «ከአገራችሁ የበቀለ የአንድ ሰው ታሪክ ጽፋችሁ አምጡ» አልኳቸው። የሚበዙት በላይ ዘለቀን ጻፉ፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን የጻፉም ነበሩ። ከመርጡለ ማርያም በኩል የመጣ አንድ ቀጭን ልጅ፣ እጅጌው የረዘመ የአባቱን ኮት እንደለበሰ ተነሥቶ «አባ ገብረ ሚካኤል» ብሎ ማንበብ ጀመረ።

ድምፁ አሁንም በጆሮዬ አለ። እ.ኤ.አ. በ1791 ዲቦ ላይ ተወለዱ። በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸው ጠፋ። መርጡለ ማርያም ተምረው መነኮሱ። የምንኩስናን ሥርዓት ከምንጩ ለማወቅ ከገዳም ገዳም እየዞሩ መጽሐፍ ፈለጉ፤ ጎንደርም ወረዱ። ያኔ ሊቃውንቱ ስለ ክርስቶስ ባሕርይ በሚከራከሩ በቅባት፣ በጸጋና በካራ ወገኖች ተከፋፍለው ነበር፤ ነገሩ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ እስኪቆረጥ ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል። በ1841 ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብፅ ከሄዱት መልእክተኞች ጋር ተጓዙ። ከአባ ያዕቆብ፣ ማለትም ከጣሊያናዊው የካቶሊክ ሚስዮናዊ ከዩስቲኖስ ደ ያዕቆቢስ ጋር የተዋወቁት በዚያ ጉዞ ነው። ሮምንና ኢየሩሳሌምን አይተው ተመለሱ። በ1844 ካቶሊክ ሆኑ፤ በ1851፣ በስልሳ ዓመታቸው፣ ቅስና ተቀበሉ።

እዚህ ላይ ክፍሉ ተንጫጫ። ከኋላ አንዱ «ከሃዲ!» አለ። ልጁ ዝም ብሎ አየኝ፤ እንድናገርለት ነበር የጠበቀው። እኔ ግን «ይበቃል፣ ተቀመጥ። ይሄ የእኛ ታሪክ አይደለም» አልኩት። «ጋሼ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ» አለ። «ተቀመጥ አልኩህ።» ወረቀቱን በአራት አጠፈውና ተቀመጠ። ከዚያን ቀን ወዲያ እስከ ዓመቱ ማብቂያ እጁን ሲያወጣ አላየሁም።

ዘመኑ ክፉ ነበር፣ ደርግን ፈርቼ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ግማሹን ልንገራችሁ፤ እኔ ራሴ የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ደበሎ ለብሼ፣ ከውሻ ጋር እየታገልኩ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ ቁራሽ ለምኜ ነው ፊደል የቆጠርኩት። የኔታ ቅኔ ሲዘርፉ አንዲት ቃል ካመለጠችን እንደገና የሚነግሩን አልነበሩም፤ ዝናብ እየወረደብን ዛፍ ሥር ቆመን ስናስታውስ እንውል ነበር። ያቺ ቤተ ክርስቲያን እናቴ ናት፤ ዛሬም በእሷው ነኝ። ከቤቷ የወጣ ሊቅ ሲመሰገን መስማት አልፈለግሁም። የደርግ ጉዳይ ኋላ የፈለግሁት ምክንያት ነው።

ያን ማታ ወረቀቱን በፋኖስ አነበብኩት። ሳላስነብበው የቀረው የሞታቸው ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1854 ከግብፅ በመጡት ጳጳስ በአቡነ ሰላማ ዘመን ጎንደር ላይ ከአራት ጓደኞቻቸው ጋር ተያዙ፤ እግራቸው ግንድ ውስጥ ገብቶ ወራት ተቀመጡ፤ ተገረፉ። ካሣ አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ በኋላ በግንቦት 1855 ሞት ተፈረደባቸው። በቦታው የነበረው የእንግሊዝ ቆንስል ፕላውደን ስለለመነላቸው ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ሰንሰለት እንዳጠለቁ ከሠራዊቱ ጋር በእግራቸው ተጎተቱ። ኮሌራ ሰፈሩን ሲያጠፋ ያችኑ ትንሽ ቀለባቸውን ለታመሙት ይሰጡ ነበር። እ.ኤ.አ. ኦገስት 28 ቀን 1855 በመንገድ ላይ አረፉ። ጠባቂዎቹ ቀበሯቸው፤ መቃብራቸው እስከ ዛሬ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1926 ሮም ብፁዕ ብላቸዋለች።

አፄ ቴዎድሮስን እወዳለሁ። የመቅደላውን ቀን ሳስተምር ድምፄ ይዘጋ ነበር። ያ ንጉሥና ይህ ሽማግሌ በአንድ ልቤ ውስጥ አልታረቁልኝም፤ ከእንግዲህም የሚታረቁ አይመስለኝም። ከሁለቱ አንዱን ለመጣል ግን እጄ አልሄደም።

እናንተ የዛሬ ልጆች በሃይማኖት ስትሰዳደቡ በስልክ አያለሁ። አንዱ «መናፍቅ» ይላል፣ ሌላው ይመልሳል፤ አንድ ገጽ ያነበበ የለም። አባ ገብረ ሚካኤል ሃምሳ ዓመት አልፏቸው ነው የወሰኑት፤ አንብበው፣ ተከራክረው፣ አገር ለአገር ዞረው። እናንተ ባንድ ቪዲዮ ትገባላችሁ፣ ባንድ ቪዲዮ ትወጣላችሁ። አትቸኩሉ። እንዲህ እያልኩ ደግሞ የእኔ ጥፋት መዘግየቴ መሆኑ ትዝ ይለኛል። ልጁን በማግስቱ ጠርቼ «ተሳስቻለሁ፣ ና ጨርሰው» ብለው ኖሮ አምስት ደቂቃ ነበር የሚፈጀው። ሲመሽ እያሰብኩት፣ ሲነጋ እየፈራሁ ዓመቱ አለቀ። ልጁ የት እንደደረሰ አልሰማሁም። ሰው የበደላችሁ እንደሆነ ታገሡ፤ እናንተ የበደላችሁ እንደሆነ ግን አታሳድሩት።

ሃይማኖታችሁን ለውጡ ማለቴ አይደለም፤ እኔም አልለወጥኩም። የሚጠይቃችሁን ግን አትቆጡት። ስለ እምነት የሚጠይቅ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ስለሚወደው ነው፤ የማይገደውማ ዝም ይላል። ያን ጊዜ «ከሃዲ» ብሎ የጮኸው ልጅ ኋላ ጓደኛዬ ሆነ፤ ምን እንዳለ ጨርሶ ረስቶታል።

ወረቀቱ ሳጥኔ ውስጥ አለ። ከአርባ ዓመት በላይ ቤት ስቀያይር አብሮኝ ዞሯል፤ የታጠፈበት መስመር ተበልቶ ሊቆረጥ ደርሷል። ከታች «ከ10፣ 5» ብዬ በቀይ ጽፌበታለሁ። ልጁ ለመምህሩ አስተያየት ብሎ በማስመሪያ አስምሮ የተወው አራት መስመር ባዶ ነው።

የእህቴ የልጅ ልጅ እሑድ ትመጣለች። ወረቀቱን አውጥቼ እሰጣታለሁ፤ ልጁን ካስቆምኩበት ጀምራ ጮክ ብላ ታነብልኛለች።