ለረጅም ጉዞ የትኛው ፈረስ? ጥያቄና መልስ ከእንጅባራ

የጥር 23 የፈረሰኞች በዓል ካለፈ በኋላ ተመሳሳይ ጥያቄ ይበዛብኛል፤ ሽምጥ ጋልቦ የሚቀድም ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ሳይዝል የሚሄድ ፈረስ እንዴት ይመረጣል? አዊ ውስጥ ከፈረስ ጋር ያደግሁ፣ ኋላም የእንስሳት ሕክምና የተማርሁ ሰው ነኝና የደረሱኝን በአንድነት ልመልስ።

ከዳንግላ፦ ጋሼ፣ በረጅም ርቀት ግልቢያ ዓለምን የሚመራው የዐረብ ፈረስ ነው ይባላል። አስመጥቼ ብጀምርስ?

የተባለው እውነት ነው። በአሜሪካ ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚካሄደው በቴቪስ ውድድር ፈረሱ 160 ኪሎ ሜትር በ24 ሰዓት መጨረስ አለበት፤ እዚያ የዐረብ ፈረስን የሚስተካከለው የለም። ሰውነቱ ደረቅ፣ ቆዳው ስስ ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ ያወጣል። አንተ ግን ገንዘብህን አታባክን። በጥቃቅን ተናካሽ ነፍሳት የሚተላለፈው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ አገራችን ውስጥ አለ፤ በሽታውን የማያውቅ መጤ ፈረስ ከያዘው ብዙ ጊዜ አይተርፍም። ደረቅ ሰውነትና ጠንካራ ሰኮና ከሆነ የፈለግኸው፣ ደጃፍህ ላይ አለልህ።

ከደብረ ማርቆስ፦ ከአገራችን ዝርያዎችስ የትኛው ይሻላል?

ተመራማሪዎች አቢሲኒያ፣ ሰላሌ፣ ባሌ፣ ሆሮ፣ ከፋ፣ ቦረና እያሉ ይለያሉ። ከዓባይ ማዶ የሚመጣው የሰላሌ ፈረስ በቁመናው ይወደሳል። እኔ ግን ዘሩን ጠይቄ ፈረስ ገዝቼ አላውቅም፤ የልብ ምቱን እጠይቃለሁ እንጂ።

አንድ ጊዜ ገበያ ላይ አንገቱን ቀስሮ የሚራመድ ጉራች ፈረስ አየሁና ልቤ ቀለጠ። ከጎኑ አጠር ያለ፣ ጋማው የተንጨባረረ ዳማ ቆሟል። ሁለቱንም በሶምሶማ ግማሽ ሰዓት አስኬድኋቸውና 15 ደቂቃ አሳረፍኋቸው። ከዚያ ከግራ ክርናቸው ኋላ ጆሮዬን ለጥፌ 15 ሰከንድ ቆጠርሁ፤ በአራት ሲባዛ ጉራቹ 80፣ ዳማው 56። ያረፈ ጤነኛ ፈረስ ልቡ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል። በውድድር ደግሞ የተለመደው ገደብ 64 ነው፤ ከዚያ በላይ የሚመታበት ፈረስ ይታገዳል። ጉራቹን ለባለቤቱ መለስሁለት። ዓይኔ ግን እስከ ገበያው ጫፍ ተከትሎታል፤ አልዋሽም።

ከቡሬ፦ የእኛ ፈረሶች ትናንሽ ናቸው። እኔ 70 ኪሎ እመዝናለሁ፤ ይችሉኛል?

ዋናው ጥያቄ ይኸ ነው፤ ለማንም ደስ የማይል መልስ አለው። የተለመደው ምክር ጋላቢው ከነኮርቻው ከፈረሱ ክብደት ከ20 በመቶ ባይበልጥ ይላል። የደረቱን ዙሪያ ከብብቱ ኋላ በሴንቲ ሜትር ለካና ቁጥሩን በራሱ አባዛው፤ ከትከሻው ፊት እስከ ቂጡ ጫፍ ያለውን ርዝመት አባዛበት፤ ለ11,880 አካፍለው። ዙሪያው 145፣ ርዝመቱ 130 ቢሆን ፈረሱ 230 ኪሎ ገደማ ነው። ሃያ በመቶው 46 ኪሎ! አንተ ከነኮርቻህ 78 ብትሆን ከሲሶ በላይ ጫንህበት ማለት ነው።

እንግዲህ ወፍራም ቅልጥም፣ አጭርና ሰፊ ጀርባ ያለው ከበድ ያለ ፈረስ ፈልግ። የቀረውን በእግርህ ክፈል። አባቶቻችን ቁልቁለት ላይ ወርደው ልጓም የሚስቡት ለክብር አልነበረም። ኮርቻውንም አትርሳ፤ ገጣባ ያወጣ ፈረስ ዘሩ ምንም ቢሆን አያደርስህም። ከመግዛትህ በፊት ጀርባውን በመዳፍህ ተጫነው፤ ከሸሸህ ተወው።

ከእንጅባራ፦ ባዝራ (ሴቷ) ይሻላል ወይስ ድንጉላ (ያልተኮላሸው ወንድ)?

እህቴ፣ ለጉዞ የተኮላሸ ፈረስ ወይም ረጋ ያለች ባዝራ ይሻልሻል። ድንጉላ ባዝራ በሸተተው ቁጥር ጉልበቱን በማሽካካትና በመቁነጥነጥ ይጨርሳል። ለበዓል ቀን ግን ድንጉላ ያምራል፤ እሱን አልክድም።

ከፍኖተ ሰላም፦ ስንት ዓመት ሲሞላው ልጀምር?

አትቸኩል። በዓለም አቀፉ ደንብ ለ160 ኪሎ ሜትር ውድድር ፈረሱ ቢያንስ 8 ዓመት ይሞላው ዘንድ ግድ ነው። ጥርሱ በ5 ዓመት ገደማ ይሞላል፤ አጥንቱና ጅማቱ ግን ገና ነው። ከእንጅባራ ባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እሱን በአንድ ቀን ከማሰብህ በፊት ሁለት ዓመት በአጭር አጭሩ አለማምደው።

ከዚያው፦ ቀለሙስ? ቦራ (ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት) ገዱ ይከፋል ይላሉ።

ቀለም አይሮጥም። ቀጥል።

ከደጀን፦ በቅሎስ አይሆንም?

ለመንገድ ከሆነ በደንብ ይሆናል። ቴቪስን የጨረሱ በቅሎዎች አሉ። የእኔም አባት ሩቅ አገር ሲሄዱ ፈረሱን ግቢ ትተው ሰጋር በቅሏቸውን ነበር የሚጭኑት።